ሙቀጫ የገባላት አውቶቡስ

እኔ እስካሁን ከሰማኋቸው ቃላት ሁሉ እንደ «አይሆንም» ያለ፣ ድካም ሳይጠይቅ የሚነገር አላጋጠመኝም። «ይሆናል» ያለ ሰው ጣጣው ብዙ ነው። እንዴት ይሆናል? መቼ ይሆናል? በማን ኪስ ይሆናል? ተብሎ ይፋጠጣል፤ ሳይሆን ቢቀር ደግሞ የመንደር መሳቂያ እሱ ነው። «አይሆንም» ያለ ሰው ግን እግሩን አነባብሮ ይቀመጣል። ነገሩ ሳይሆን ሲቀር «አላልኩም ነበር?» ይላል፤ የሆነ እንደሆነም ሰው ሁሉ ደስታው ላይ ስለሆነ ዞሮ የሚጠይቀው የለም። እንግዲህ እናንተው ፍረዱ፤ ከዚህ የበለጠ የተመቸ ሥራ የት ይገኛል? እኔ በበኩሌ በዚህ ሥራ ላይ የተሰማሩ ሰዎችን ቁጥር ሳይ፣ ደመወዝ ቢኖረው ኖሮ ምን ሊሆኑ ነበር እያልኩ እገረማለሁ።

ይህን ሁሉ ያሳሰበኝ የጎረቤቴ መኪና ነው። ጎረቤቴ ቱርቦ ያላት መኪና ገዝቷል። ሰሞኑን ኮፈኗን ከፍቶ በሞተሩና አየር በሚያስገባው ማኒፎልድ መካከል ጥቁር ፕላስቲክ የመሰለ ነገር ሲገጥም አገኘሁትና ምን እንደሆነ ጠየቅሁት። «ስፔሰር ይባላል» አለኝ። «የሞተሩ ግለት ወደ ማኒፎልዱ እንዳያልፍ ይከለክላል። የሚገባው አየር ቀዝቀዝ ሲል መኪናዋ ጉልበት ታገኛለች። አዲስ ነገር ስለሆነ እርስዎ አያውቁትም አባባ።»

አባባ ማለቱን ይቅር ብየዋለሁ። አያውቁትም ማለቱን ግን እንዴት አድርጌ ልለፈው? ይህን «አዲስ ነገር» እኔ በጃንሆይ ዘመን፣ ደብረ ማርቆስ ላይ፣ በእነዚህ በሁለት እጆቼ ገጥሜዋለሁ። ቱርቦ የሚባል ነገር በአካባቢያችን ባልታወቀበት ጊዜ! ያውም እንደ እሱ ከባሕር ማዶ በካርቶን ታሽጎ የመጣ አይደለም። ከእህቴ ሙቀጫ የተቆረጠ ነው።

እህቴ እትዬ የሻረግ ትባላለች። በዕድሜ በጣም ስለምትበልጠኝ እህትም እናትም ሆና ነው ያሳደገችኝ። ባሏ ጋሼ አንለይ ነጋዴ ነበሩ፤ በድንገት ታመው ሲሞቱ ልጆቿንና አንዲት አሮጌ አውቶቡስ ትተውላት ሄዱ። አውቶቡሷ ቀለሟ ዳማ ስለነበረ አገሩ ሁሉ እንደ ፈረስ «ዳማ» እያለ ነበር የሚጠራት። ሾፌሯ እኔ፣ ወንድሟ ስማቸው፣ ነኝ። አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ጥቂት ዓመት መኪና ሥር ተኝቼ ዘይት ሲንጠባጠብብኝ ስለኖርኩም መካኒኳም እኔው ነበርኩ።

ዳማን በደጋ መንገድ ላይ ያያት ሰው ነውር አያወጣላትም። ወደ ደምበጫ ገበያ ስትሄድ በጎች ከነባለቤታቸው፣ ዶሮ ከነሻጯ፣ እህል ከነጆንያው ጭና እንደ ሙሽራ በቅሎ ትሰግር ነበር። የዳማ ጣጣ ዓባይ ነው። ወደ አዲስ አበባ ለመሄድ ደግሞ ዓባይን ሳይወርዱ፣ ሳይሻገሩና ያንን የጎሐ ጽዮንን ዳገት ሳይወጡ መንገድ የለም። እዚያ በረሃ ውስጥ ስትገባ፣ ዳገቱ ላይ ሞተሯ እያጓራ ነፋስ ሳያገኝ ሲቀር፣ ማኒፎልዱ ይግላል፤ በላዩ የተቀመጠው፣ ቤንዚኑን ከአየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተርም አብሮ ይግላል። ቤንዚኑ እሳት ሊሆን የሚገባው ሞተሩ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ የዳማ ቤንዚን ግን ከበር ላይ ይፈላና እንፋሎት ሆኖ ይቀራል። ዳማ ትስላለች፣ ትንገዳገዳለች፣ ትቆማለች። ከዚያ በኋላ ልመናም፣ ስድብም፣ ውሃ የጠጣ ጨርቅም በቶሎ አይመልሳትም። ተሳፋሪው ወርዶ ጓዙን ተሸክሞ በዚያ ሐሩር ዳገቱን በእግሩ ይያያዘዋል። ለመኪና ከፍሎ በእግሩ የሚሄድ ሰው የሚናገረውን እዚህ ላይ ልጽፈው አልችልም። ከመካከሉ ጨዋው እርግማኑ ነበር።

ወሬው ማርቆስ ደረሰ። ሰው በሌሎች መኪናዎች መሳፈር ጀመረ። በዚህ ጊዜ ነው ጋሼ ላቀው ብቅ ያሉት።

ጋሼ ላቀው የሟቹ ታላቅ ወንድም ናቸው። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ እንዲያውም ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ነገሩ በቀለለ። እሳቸው የሚያስቡልን ሰው ነበሩ። የሚያስብልህ ሰው ሲመጣብህ ደግሞ በምን ትከላከለዋለህ? ከመጡ ጀምሮ ደጋግመው «እኔ ለልጆቹ ብየ ነው» ይሉ ነበር። አሳባቸው ይህ ነው፦ አንድ የደምበጫ እህል ነጋዴ ዳማን ለመግዛት ፈቅዷል። ትሸጥ። ገንዘቡ በቤተ ዘመድ እጅ በአደራ ይቀመጥ። እትዬ የሻረግም ከነልጆቿ ቤቷን ዘግታ ጋሼ ላቀው ግቢ ትግባ።

«አንቺ ብቻሽን ሴት ልጅ መኪና እያስነዳሽ እስከ መቼ?» አሏት። «ከእኛ ጋር ስትሆኚ ጓዳ አይታጣልሽም።»

«ጓዳማ አለኝ ጋሼ» አለቻቸው እትዬ። «እኔ ያጣሁት መንገዱን የምትወጣ መኪና ነው።»

«እሷማ አትወጣም! አይሆንም ተይው!»

እንግዲህ ሰውየው የትኛው ማኅበር አባል እንደሆኑ ታያላችሁ።

እኔም ዝም አላልኩም። ቀድሞ የሠራሁበት አዲስ አበባ ጋራዥ ሄጄ ለአለቃው ነገሩን አስረዳሁት። ከጣሊያን ጊዜ ጀምሮ አገራችን የቀረ ሽማግሌ መካኒክ ነበር፤ አማርኛው የተሰባበረ፣ እጁ ግን ሙሉ። ዳማን አይቶ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። «በሽታው ይሄ ነው» ብሎ ማኒፎልዱና ሞተሩ ብረት ለብረት የሚገናኙበትን ቦታ በጣቱ ነካው። «እዚህ መሐል ሙቀት የማያስተላልፍ ነገር ማግባት። ሌላ አገር ያደርጋል። ፋይበር፣ ባክላይት... ውፍረት እንደ ጣት።»

«ታዲያ እናስመጣዋ!»

«ለዚች? ለዚች አሮጊት ማንም አይሠራም። ሽጥ! ሽጥና ናፍጣ ግዛ!»

ናፍጣ መኪና ግዛ ማለት ያኔ ተራራ ግዛ እንደማለት ነው። ማርቆስ ተመልሼ ለእትዬ ሁሉንም እንደሰማሁት ነገርኳት። እሷ የሰማችው ግን «ሽጥ» የሚለውን አልነበረም።

«ሙቀት የማያስተላልፍ ነገር አለ?» አለች።

«አዎ።»

«እንደ እንጨት?»

«እንጨት... ይሆን ይሆናል። ግን ለስላሳ ከሆነ ይጨረማመታል። እርጥብ ከሆነ ሲግል ይሰነጠቃል። እንደ ወይራ ያለ ጠጣር፣ ያውም ከተቆረጠ ብዙ ዘመን የሆነው፣ ቅርጥፍ ብሎ የደረቀ መሆን አለበት። የት አግኝቼው?»

እትዬ ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች። ስትመለስ የወይራ ሙቀጫዋን አቅፋ ነበር።

ይህ ሙቀጫ እንደ ሌላው ሙቀጫ አይደለም። እናታችን ስትዳር ከእናቷ ቤት ያመጣችው፣ እትዬም ስትዳር ለእሷ የተሰጣት ነው። የሁለት ትውልድ በርበሬ ስለጠጣ ውስጡ እንደ ሸክላ ቀልቷል። ወደ ላይ የወጣው አፉ ሳስቷል፤ ታቹ ግን ድፍን ወይራ ነው፤ ውፍረቱ ከክንድ የማያንስ። መሬት ላይ ስታስቀምጠው ድም አለ።

«እትዬ፣ ይሄ የእናታችን አይደለም?»

«የእናታችን ነው። እናታችን በሰው ግቢ ጥገኛ ሆኜ በርበሬ ስወቅጥ ብታይ ደስ ይላት ነበር?»

ሙቀጫውን በእጄ መታ መታ አደረግሁት።

«እንግዲያው መጋዝህን አንሳ» አለች።

መጋዙን ሳነሳ ጎረቤት ተሰበሰበ። ሴቶቹ ደረታቸውን ደቁ። አንዷ «ሙቀጫ ለመኪና! ኧረ እንዲህ ያለ ነገር ታይቶም አይታወቅ!» ስትል፣ ሌላዋ ሐዘኑ ጭንቅላቷ ላይ ወጥቶ ነው ብላ ጠበል እንድትወሰድ ሐሳብ አቀረበች። እትዬ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ መጋዙ ሲሄድና ሲመለስ ታያለች። ወይራው እንደ ድንጋይ ሆኖብኝ ላቤ ጠብ እስኪል ገዘገዝኩ። የመጀመሪያው ቁራጭ ተለይቶ ሲወድቅ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው ስታዞር አየኋት። ወዲያው ተመለሰችና «ቀጥል እንጂ! ምን ታየኛለህ?» አለችኝ።

ቁራጮቹን እንደ ማኒፎልዱ አፍ ቅርጽ አወጣሁላቸው። የብሎኑን ቀዳዳ እንደ በርጩማ ሠሪ በጋለ ብረት በሳሁት። እንጨቱ ቤንዚን እንዳይጠጣ ከተልባ ዘይት ውስጥ ጨምሬ ቀቀልኳቸው። ማኒፎልዱ ወደ ውጭ በጣት ውፍረት ስለሚገፋ ብሎኖቹ አጠሩ፤ ረጃጅም ብሎን በቶርኖ አስቆረጥኩ። የቤንዚን መስጫውን ዘንግም ማስረዘም ነበረብኝ። ይህን ሁሉ አድርጌ ገጥሜ፣ ደስ ብሎኝ ሞተሩን ሳስነሳ፣ ዳማ እንደ እረኛ ዋሽንት ማፏጨት ጀመረች።

ጎረቤቱ ሳቀ። አንዱ ጎረምሳ እስክስታ ወረደላት።

ፉጨቱ አየር ነበር። ቁራጮቹ ለዓይን ለጥ ያሉ ቢመስሉም እኩል ስላልነበሩ አየር በጎን እየሰረገ ይገባል። ሁሉንም ፈታሁና የመስኮት መስታወት ላይ የብርጭቆ ወረቀት ዘርግቼ፣ አንድ በአንድ እያሸሁ፣ በብርሃን ፊት እያየሁ፣ እንደገና እያሸሁ ለጥ አደረግኋቸው። ወረቀት በግራና በቀኝ አልብሼ ስገጥመው የዳማ ፉጨት ጠፋ። ድምፅዋ ወፍራም፣ ሰከን ያለ፣ የባለቤት ድምፅ ሆነ። እትዬ ሞተሩ እየሠራ እጇን ማኒፎልዱ ላይ አስቀመጠችና «ሞቅ ይላል እንጂ አያቃጥልም» አለች። እኔም ነካሁት። እውነቷን ነው።

ጋሼ ላቀው ግን ሽማግሌ ሰብስበው ነበር። እሑድ ከቅዳሴ መልስ በግቢያቸው ተቀመጥን። ከሽማግሌዎቹ ዋናው መሪጌታ ውበቱ ናቸው፤ ቅኔ የሚያስተምሩ፣ አንድ ቃል ሲናገሩ ሁለት ትርጉም ካልወጣው እንደ ውርደት የሚቆጥሩ ሰው። ጋሼ ላቀው ስለ ልጆቹ፣ ስለ ቤተ ዘመድ ክብር፣ ስለ ሙቀጫውም ብዙ ተናገሩ። እትዬ ተራዋ ሲደርስ ብዙ አልተናገረችም።

«ዳማ ድናለች። ዓባይን ትወጣለች» አለች።

መሪጌታ ጺማቸውን ዳሰሱ። «ነገሩ በቃል የሚያልቅ አይደለም። እኔም ለመሬት ሙግቴ አዲስ አበባ እወርዳለሁ። በእሷው ልሂድ። ዳማ ዓባይን ሳትቆም ከወጣች የሻረግ መኪናዋን ትያዝ፤ ከቆመች ትሸጥ።»

«እስማማለሁ» አለች እትዬ። «ግን ጋሼ ላቀውም አብረውን ይውጡ። ኋላ በወሬ ነው የሰማሁት እንዳይሉ።»

ጋሼ ላቀው «እመጣለሁ» አሉ። ፊታቸው በሐዘን ተሞልቶ ነበር፤ የሚያስብላችሁ ሰው ሊፈረድላችሁ ሲል የሚያሳየው ዓይነት ሐዘን።

በጉዞው ዕለት እትዬ ከእኔ አጠገብ ተቀመጠች። መሪጌታና ጋሼ ላቀው ከኋላችን ሆኑ። ተሳፋሪው ነገሩን ሰምቶ ስለነበር ዳማ ጢም ብላ ሞላች፤ እኔ እንደጠረጠርኩት ግማሹ መንገደኛ ሳይሆን ተመልካች ነው። ደጀንን አልፈን ቁልቁለቱን ወረድን። ድልድዩን ተሻገርን። ከዚያ ዳገቱ ጀመረ።

የዓባይን በረሃ በቀትር የወጣ ሰው ምንም እንድነግረው አይፈልግም፤ ያልወጣውም ብነግረው አይገባውም። ድንጋዩ ራሱ ይተነፍሳል። መሪውን የያዝኩበት እጄ በላብ ይንሸራተታል። ዳማ በዝቅተኛ ማርሽ እያጓራች ትወጣለች፤ እኔ ጆሮዬን ወደ ሞተሩ ሰጥቼ ያችን የማውቃትን ሳል እጠብቃለሁ። ሁልጊዜ የምትቆምበት ጠመዝማዛ ደረሰ። አለፈችው። ከኋላ አንዲት ሴት እልል ልትል ስትጀምር እትዬ ዞር ብላ «ቆይ፣ ገና ነን» አለቻት።

እውነትም ገና ነበርን። ከቀጣዩ ጠመዝማዛ በኋላ አንድ የጭነት መኪና ጎማው ፈንድቶ መንገዱን አግድም ዘግቶታል። ሾፌሩ ክሪክ ተክሎ ከሥሩ ተጋድሟል። በግራ ገደል፣ በቀኝ ግድግዳ። ፍሬን ያዝኩ።

«ቆመች!» አሉ ጋሼ ላቀው ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው። «መሪጌታ፣ እርስዎ ምስክር ነዎት፤ ቆማለች!»

«ከፊቷ መኪና ተዘርግቶባት ነው እንጂ ምን ሆና!» አለች እትዬ። «ክንፍ አውጥታ ትብረር?»

«ቃሉ ሳትቆም ነው። ለምን ቆመች የሚል ቃል የለበትም።»

ተሳፋሪው ተንጫጫ፤ እንደምታውቁት የእኛ አገር ሰው ሙግት ሲያገኝ ሐሩሩን ይረሳል። ግማሹ ለዳማ ግማሹ ለጋሼ ላቀው ጠበቃ ሆኖ ቆመ። መሪጌታ እጃቸውን አነሱ።

«ስሙ» አሉ። «ሥጋዋ ቆሟል። ነፍሷ ግን አልቆመችም፤ ይኸው ሞተሯ ይተነፍሳል። እስትንፋስ ያለው ነገር ቆመ አይባልም። አረፈ ነው የሚባለው።»

«አረፈማ ከተባለ ሞተ ማለት ነው!» ጮሁ ጋሼ ላቀው።

አውቶቡሱ በሳቅ ተናወጠ። መሪጌታ ራሳቸው በቅኔያቸው ተጠልፈው ሳቁ። ጋሼ ላቀው ግን አልሳቁም። «እንግዲያው ልተወው» አሉ። «አንድ ነገር ብቻ እጠይቃለሁ። እውነት ድና ከሆነ ትጥፋና ትነሳ። እዚህ፣ አሁን።»

መኪና የማታውቁ እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ለእንዲህ ያለ በሽታ ከዚህ የከፋ ፈተና የለም። ሞተሩ ሲሠራ ማራገቢያው ይዞራል፣ ቤንዚኑ ይፈሳል፣ ሁሉም በመጠኑ ይበርዳል። ሲጠፋ ግን የታመቀው ግለት ሁሉ ሽቅብ ይወጣና የቆመውን ቤንዚን ያፈላዋል። ጤነኛ መኪና እንኳ አንዳንዴ እምቢ ይላል። እምቢ እንድትል ለእትዬ ጭንቅላቴን ነቀነቅሁላት። ጋሼ ላቀው ይህን ሁሉ ያውቁ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

እትዬ ግን «አጥፋው» አለችኝ።

«እትዬ...»

«አጥፋው አልኩህ፣ ስማቸው። ሳይነኳት ብቻ የምትወጣ መኪና ለእኔ አትረባኝም። ነገ በየመንገዱ ሰው ያቆመኝ የለም ወይ? ስቆም መነሳት የማልችል ከሆነ ዛሬውኑ ልወቀው።»

ስለ መኪናዋ ነው የተናገረችው። ቢሆንም አውቶቡሱ ውስጥ ያሉት ሴቶች ሁሉ ቀና ብለው አዩዋት።

አጠፋሁት።

ገደሉ ላይ ዝንጀሮ ሲጮህ ይሰማል። የጋለው ብረት ከሞተር ክዳኑ ሥር ጠቅ፣ ጠቅ ይላል። የጭነት መኪናው ሾፌር ጎማውን ሲያስር፣ ክሪኩን ሲያወርድ፣ እጁን በጨርቅ ሲጠርግ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ቀርፋፋ ሰው አላየሁም ብየ ረገምኩት። መሪጌታ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ጸሎት ይሁን ቅኔ አልለየሁትም። እትዬ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ከፊቷ ያለውን መንገድ ብቻ እያየች፣ አንዲት ጊዜ እንኳ ወደ እኔ አልዞረችም።

መንገዱ ተከፈተ። ሞተሩን አስነሳሁ። ዳማ አቃሰተች፤ አልተነሳችም።

ከኋላዬ ጋሼ ላቀው አየር ሲስቡ ሰማሁ።

ደገምኩ። አንድ ጊዜ ሳለች። ያችው የማውቃት ሳል! ቤንዚኑን እስከ መጨረሻው ረግጬ ያዝኩና እንደገና ሞከርኩ። ሳለች፣ እንደገና ሳለች፣ ከዚያ ደረቷን ከፍታ አገሳች። ተነሳች! ወዲያው ደግሞ ከሾፌሩ ወንበር አጠገብ ካለው የሞተር ክዳን ሥር ሞቅ ያለ ሽታ ተነስቶ አውቶቡሱን ሞላው። የበርበሬ ሽታ። ከእነዚያ ወይራዎች ውስጥ፣ የተልባ ዘይቱም ያልገደለው፣ ለሁለት ትውልድ የተወቀጠ በርበሬ ግለቱን አግኝቶ ወጣ።

መጀመሪያ ያስነጠሱት ጋሼ ላቀው ናቸው።

«ይማርዎ ጋሼ» አለች እትዬ፣ ሳትዞር።

ከዚያ ሁሉም ያስነጥስ ጀመር። እልልታ፣ ማስነጠስና ሳቅ ተቀላቅሎ ዳገቱን ወጣን። መሪጌታ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ «ፍርዱ ተፈጽሟል» ለማለት ሞከሩ፤ ግን መካከሉ ላይ ማስነጠስ ስለመጣባቸው ጨርሰው አልተናገሩትም። ጎሐ ጽዮን ወጥተን የደጋው ነፋስ በመስኮት ገባ፤ ተሳፋሪው ሳይወርድ ዳገቱ ሲያልቅ ያኔ የመጀመሪያው ነው።

ይህ ወሬም እንደ መጀመሪያው ወሬ ማርቆስ ደረሰ። ሰው ወደ ዳማ ተመለሰ። ሌሎች ሾፌሮችም ዘዴውን እንዳሳያቸው እየመጡ ይለምኑኝ ጀመር፤ አንዳንድ ወይዛዝርትም ባሎቻቸው ከሾፌር ጋር ሲነጋገሩ ካዩ ሙቀጫቸውን አልጋ ሥር ይደብቁ ነበር ይባላል። የደምበጫው ነጋዴ ገዢነቱን ተወ። ጋሼ ላቀውም ጥቂት ጊዜ ጠፉ፤ ከዚያ አንድ ቀን ብቅ ብለው ወደ አዲስ አበባ ተሳፈሩ። አልከለከልናቸውም። እትዬ «ደህና መጡ ጋሼ» ብቻ ነው ያለቻቸው።

እንግዲህ የሚያስገርመው ይህ ነው፤ ጋሼ ላቀው ዳማን ማወደስ ጀመሩ። ጠጅ ቤት ውስጥ፣ ሰርግ ላይ፣ ለቅሶ ላይ ሳይቀር «መኪናችን» ማለት ለመዱ። ዓባይ ላይ በቀትር አጥፍተን አስነሳናት ይላሉ፤ «ን» ውስጥ ማን ማን እንዳለ ግን አይዘረዝሩም። እኔ እናደዳለሁ። እትዬ ትስቃለች። «ተዋቸው፤ መጥላቱ ነበር የከበዳቸው» ትለኝ ነበር።

እትዬ ከአጠገቤ በተቀመጠችበት በአንድ ጉዞ ከደጀን አንድ ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ተሳፈረ። አገሩ ሩቅ ነው፤ ማናችንንም አያውቅም። ጋሼ ላቀው አጠገብ ተቀመጠና የዳማን ገድል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሲሰማ መጣ። ስለ ወይራው፣ ስለ ተልባ ዘይቱ፣ ስለ መሪጌታ ቅኔ ሁሉ ነገሩት፤ ማን እንደነገራቸው እንጃ፣ እኔ ራሴ የረሳሁትን ነገር ያውቁ ነበር። ነጋዴው በጣም ተደንቆ በአክብሮት ዝቅ ብሎ ጠየቃቸው።

«ታዲያ ባለመኪናው እርስዎ ነዎት?»

ያን ጊዜ ዳማ ውስጥ የሚያውቃቸው ሰው ሁሉ ጆሮውን አቆመ። እኔ በመስታወቱ አየኋቸው። ጋሼ ላቀው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከወንድማቸው ሞት ወዲህ ያረጁ መሆናቸውን ያየሁት ያኔ ነው። ወደ መስኮቱ አዩ፣ ወደ እጃቸው አዩ፣ ከዚያ በአገጫቸው ወደ ፊት አመለከቱ።

«አይደለሁም» አሉ። «ባለቤቷ እሷ ናት። የወንድሜ ሚስት፣ የሻረግ። እኔማ ትሸጥ ባይ ነበርኩ።»

እትዬ አልዞረችም። ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች። ከፊታችን ዳገቱ ይታያል።

«ስማቸው» አለችኝ፤ ድምፅዋ እንደ ወትሮው አልነበረም። «ማርሽ ቀይር።»

ቀየርኩ።